ሌሊት የሚቀሰቅሳችሁ ምንድን ነው? ስለ ኤምኤስ፣ ስለ እንቅልፍና ስለ አተኛኘት

ይህ ጽሑፍ መልቲፕል ስክለሮሲስ (በአጭሩ ኤምኤስ) ከሚባለው የነርቭ በሽታ ጋር ለሚኖሩ ሰዎችና ለቤተሰቦቻቸው ከተደረገ ንግግር የተወሰደ ነው። የአነጋገሩ ለዛ እንዳይጠፋ ብዙ አልተነካካም።

እንደምን ዋላችሁ። እንደሚመቻችሁ ሁኑ። መቆም የሚቀለው ይቁም፣ እግሩን መዘርጋት የፈለገ ይዘርጋ። የምናወራው ስለ እንቅልፍ ስለሆነ ብታዛጉም አልቀየምም።

እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ሥራዬ ጡንቻና መገጣጠሚያ ነው። ግን ኤምኤስ ካለበት ሰው ጋር ስሠራ ወሬያችን ሳናስበው ወደ ሌሊቱ ይዞራል። «ዛሬ እግሬ አልታዘዝ አለኝ» ይለኛል አንዱ። «ሌሊቱን እንዴት አደርክ?» እለዋለሁ። «ኧረ እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነው የነጋው!» በቃ፣ የቀኑ ችግር ግማሹ እዚያው ተገኘ።

ኤምኤስ ካለባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ፣ የእንቅልፍ ችግር አለባቸው። ሐኪም ፊት ሲቀርቡ ግን ስለ እንቅልፍ የሚያነሳው ሰው ጥቂት ነው። ለምን ቢባል፣ ድካም የበሽታው ምልክት መሆኑን ሁሉም ያውቃል። «ኤምኤስ ነው፣ ያደክማል፣ ምን ይደረግ» ብሎ መተው ይቀላል። አንዳንዴ ሐኪሙም እንደዚያው ብሎ ያልፈዋል። እኔ ዛሬ የመጣሁት ይቺን «ምን ይደረግ» ለመሞገት ነው። «እንቅልፍ የለኝም» ሲባል ከኋላው የሚቀሰቅስ ነገር አለ። ያ ነገር ስም አለው። አብዛኛውን ጊዜ መላም አለው። «በየትኛው ጎኔ ልተኛ?» የሚለው ጥያቄም መልስ የሚያገኘው የሚቀሰቅሰው ነገር ከታወቀ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ሁለት ነገሮችን እንለይ። ድካም ሌላ ነው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ሌላ ነው። የኤምኤስ ድካም ስምንት ሰዓት ሙሉ ጥሩ ተኝቶ ለተነሳ ሰውም ይመጣል። እጅና እግር ይከብዳል፣ ሐሳብ ይንቀራፈፋል፣ ዓይን ግን ላይከደን ይችላል። እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ደግሞ ቴሌቪዥን ፊት ድብን ብሎ መተኛት፣ ሰው እያወራችሁ ማንጎላጀት፣ መሪ ይዛችሁ ዓይናችሁ መክበዱ ነው። ይሄኛው ካለባችሁ ሌሊታችሁ መፈተሽ አለበት። መኪና የምትነዱ ከሆነማ ነገ ዛሬ አትበሉ።

በሽታው ሌሊቱን የሚያውክበት ምክንያት ከአሠራሩ ይጀምራል። የሰውነት መከላከያ ኃይል ተሳስቶ ማይሊን የሚባለውን የነርቭ ሽፋን ያጠቃል፤ በአንጎል፣ በህብለ ሰረሰርና በዓይን ነርቭ ላይ። ህብለ ሰረሰር ላይ ጠባሳ ሲፈጠር ብዙ ጊዜ ከሚነኩት ውስጥ ፊኛና እግር ዋናዎቹ ናቸው። የሌሊቱ ጣጣ ከእነዚህ ከሁለቱ መብዛቱ አይገርምም።

ከፊኛ ልጀምር፤ ብዙ ሰው ስለሚያፍርበት።

ሌሊት ሁለት ሦስቴ፣ ከዚያም በላይ ለሽንት የሚነሳ ሰው በመሀሉ የሚያገኛት እንቅልፍ ቁርጥራጭ ናት። እዚህ ላይ ሁለት ተቃራኒ ችግሮች አሉ። አንደኛው ፊኛ ሳይሞላ ሞላሁ ብሎ ያጣድፋል። ሁለተኛው ፊኛ ሙሉ በሙሉ አይጎድልም፤ ስለዚህ ከግማሽ ጀምሮ ቶሎ ይሞላል። ስሜታቸው ተመሳሳይ ነው፣ ሕክምናቸው ግን የተለያየ ነው። ፊኛን የሚያረጋጋ መድኃኒት የማይጎድለውን ፊኛ ያብስበታል። ስለዚህ መድኃኒቱ ከመታዘዙ በፊት፣ ሸንታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ፊኛ ውስጥ ምን ያህል እንደቀረ በአልትራሳውንድ ይለካ። ጥቂት ደቂቃ የሚፈጅ፣ የማያም ምርመራ ነው። ካልተሠራላችሁ «ይሠራልኝ» በሉ።

ብዙዎቻችሁ ምን እንደምታደርጉ አውቃለሁ። ቀኑን ሙሉ ውሃ አትጠጡም። ይሄ መፍትሔ ይመስላል፣ ግን ዞሮ ራሳችሁን ይጎዳችኋል። የወፈረ ሽንት ፊኛን ያስቆጣል፤ የሆድ ድርቀትና የሽንት ቱቦ ኢንፌክሽንም ያመጣል። ውሃውን ጠዋትና ከሰዓት ጠጡት፤ ከመኝታ በፊት ያሉትን ሁለት ሰዓታት ቀነስ አድርጉ። ቡናና ሻይን ግን ከዚያም ቀደም ብላችሁ ተዉ። ካፌይን በደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ከቀኑ 10 ሰዓት የጠጣችሁት ቡና ማታ 3 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና እየሠራ ነው ማለት ነው። አልኮል ቶሎ ያስተኛል፣ ሌሊት ግን ከእንቅልፍም ከፊኛም ጋር ያጣላል።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ልጨምር። ቀኑን ተቀምጦ የሚውል ሰው እግሩ ያብጣል። ያ እግር ላይ የተጠራቀመ ፈሳሽ ሰውየው ጋደም ሲል ወደ ደም ተመልሶ ሽንት ይሆናል። «ማታ ምንም አልጠጣሁ፣ ይሄ ሁሉ ሽንት ከየት መጣ?» የምትሉ፣ መልሱ ምናልባት ካልሲያችሁ ከሚያትመው ቁርጭምጭሚት ላይ ነው። አመሻሽ ላይ ለአንድ ሰዓት ያህል እግራችሁን ከፍ አድርጋችሁ ጋደም በሉ። ፈሳሹ እናንተ ነቅታችሁ ሳላችሁ ይውጣ።

ወደ እግር እንሂድ። «ሌሊት እግሬ አያስተኛኝም» ሲባል ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ሊሆኑ ይችላሉ። እስኪ የራሳችሁን ፈልጉ።

አንደኛው የጡንቻ መወጣጠርና መሸማቀቅ ነው። እግሩ በራሱ ጊዜ ድርቅ ብሎ ይዘረጋል፤ ወይም ጉልበቱ ወደ ደረት ይታጠፋል። ብርድ ልብሱን ስትስቡ፣ ፊኛ ሲሞላ፣ ልትገለበጡ ስትሉ ይነሳል። ሁለተኛው እረፍት የሚነሳ እግር ነው። እዚህ ላይ እግሩ አይደርቅም። ውስጥ ውስጡን የሚርመሰመስ፣ የሚወር ነገር ይሰማችኋል፤ ካላንቀሳቀሳችሁት አያርፍም፣ ስትራመዱ ቀለል ይላል፣ ማታ ማታ ይብሳል። ኤምኤስ ያለባቸው ሰዎች ላይ ከሌላው ሰው በብዙ እጥፍ ይታያል። ሦስተኛው የነርቭ ሕመም ነው፤ ማቃጠል፣ መጠዝጠዝ፣ አንሶላ ሲነካው እንኳን የሚለበልብ። መንቀሳቀስ ብዙም አይጠቅመውም።

መለየቱ ለምን አስፈለገ? ለሁለተኛው ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው በደም ውስጥ ያለው የብረት ክምችት ነው፤ ፌሪቲን ይባላል። እረፍት የሚነሳ እግር ያለበት ሰው ፌሪቲኑ በሊትር ከ75 ማይክሮግራም በታች ከሆነ ብረት መውሰድ ይታሰባል። ተራው የላብራቶሪ ወረቀት ይህንኑ ቁጥር «ጤናማ» ብሎ ሊያልፈው ይችላል፤ ስለዚህ ቁጥሩን ራሱን እዩት። ደግሞ ይህን እግር የሚያባብሱ መድኃኒቶች አሉ። ሰው ራሱ ገዝቶ የሚውጣቸው፣ የሚያስተኙ የአለርጂ ክኒኖች አንዱ ናቸው። እንቅልፍ ፍለጋ የተዋጠ ክኒን እግሩን ይቀሰቅሰዋል! ከድብርት መድኃኒቶችም አንዳንዶቹ እንዲሁ ያደርጋሉ። በራሳችሁ እንዳታቋርጡ፤ ለሐኪማችሁ ንገሩ እንጂ።

ለመጀመሪያው፣ ለጡንቻ መወጣጠር፣ እንደ ባክሎፌንና ቲዛኒዲን ያሉ መድኃኒቶች አሉ። ሁለቱም ያስተኛሉ፤ ስለዚህ ከዕለቱ መጠን ትልቁን ድርሻ ወደ ማታ ማዞር ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። ባክሎፌንን ግን በድንገት ማቆም አደገኛ ነው። የሚጥል በሽታና ቅዠት እስከማምጣት ይደርሳል። ክኒኑ ሊያልቅ ሲል ቀድማችሁ አስቡበት።

መወጣጠሩ ያለ ወትሮው ከበረታባችሁ «በሽታዬ ገፋ» ብላችሁ ከመደንገጣችሁ በፊት ሰውነታችሁን ፈትሹ። የሽንት ኢንፌክሽን፣ የሆድ ድርቀት፣ ወደ ሥጋ የገባ የእግር ጥፍር፣ የተላጠ ቆዳ፣ ጠባብ ካልሲ። አእምሮ የማይሰማውን ሕመም ህብለ ሰረሰር ይሰማዋል፤ መልሱንም በጡንቻ ይሰጣል። ለወራት ስትሸማቀቅ ያደረች ሴት ጥፍሯ ሲታከም እግሯ ጸጥ ሲል አይቻለሁ።

ከመተኛት በፊት የባትና የጭን የኋላ ጡንቻዎችን ቀስ ብሎ መሳብ ይረዳል። እግራችሁን ዘርግታችሁ ፎጣ ውስጠ እግር ላይ ጠምጥሙና ወደ ራሳችሁ ሳቡ። ሳትነቀንቁ ግማሽ ደቂቃ፣ ከቻላችሁ አንድ ደቂቃ ያዙ። ቶሎ ቶሎ ከነዘራችሁት ጡንቻው ይቆጣል።

ሌሎቹን ቀስቃሾች ቶሎ ቶሎ ልለፍባቸው። ማንኮራፋት ካለ፣ በተለይ አብሯችሁ የሚተኛው ሰው «ትንፋሽህ ቀጥ ይላል፣ ከዚያ በርግገህ ትስባለህ» ካለ፣ የእንቅልፍ ምርመራ ያስፈልጋል። ጠዋት ራስ ምታትና የደረቀ አፍም ምልክት ናቸው። የሚያዝናኑና የሚያስተኙ መድኃኒቶች ይህን ችግር ሊያብሱት ስለሚችሉ፣ ሳይመረመሩ የእንቅልፍ ክኒን መጀመር ጥሩ አይደለም።

በሽታው ሲያገረሽ የሚሰጠው ስቴሮይድ ዓይን ያፈጣል። ጠዋት ይወሰድ። ለድካም የሚሰጡት ሞዳፊኒልና አማንታዲንም የቀን መድኃኒት ናቸው፤ ከሰዓት በኋላ ከተወሰዱ ሌሊቱን ይዘው ይሄዳሉ። በሽታውን ለመቆጣጠር ኢንተርፌሮን የሚባለውን መድኃኒት የምትወጉ፣ ከመርፌው በኋላ የሚመጣው ብርድ ብርድ ማለትና ትኩሳት የሚቀሰቅሳችሁ ከሆነ የመርፌውን ሰዓት ስለማዛወር ተነጋገሩ።

ሙቀትም አለ። እ.ኤ.አ. በ1890 ጀርመናዊው የዓይን ሐኪም ቪልሄልም ኡትሆፍ ሰውነት በእንቅስቃሴ ሲሞቅ የታማሚዎቹ እይታ ለጊዜው ሲደበዝዝ አይቶ ጻፈ። ምክንያቱ ሽፋኑ የተጎዳ ነርቭ ሲሞቅ መልእክት ማስተላለፍ ስለሚከብደው ነው። አልጋ ውስጥም ያው ነው። ከመጠን በላይ የሞቀ መኝታ ያነቃል፤ ለሽንት ስትነሱም እግር ያሳጣል። ከአንድ ከባድ ብርድ ልብስ ሁለት ሦስት ስስ ይሻላል፤ አንዱን ገፈፍ ማድረግ ይቻላላ። አሁን አሁን ፋሽን የሆነው፣ ሆን ተብሎ ክብደት የተጨመረበት ብርድ ልብስም አለ። መገላበጥ ለሚከብደው ሰው አልመክረውም።

ጭንቀትና ድብርትን በአንድ አረፍተ ነገር ማለፍ ነውር ነው፤ ግን ራሱን የቻለ ንግግር ስለሚፈልግ ዛሬ ይቆየን።

እንግዲህ አሁን ወደ አተኛኘቱ። «ለኤምኤስ ትክክለኛው አተኛኘት ይህ ነው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ጆሮ አትስጡት። እንዲህ ያለ አንድ አተኛኘት የለም። ያለው «የእኔን ቀስቃሽ የሚያስታግሰው የትኛው ነው?» የሚለው ነው።

በጎን መተኛት ለብዙዎቻችሁ ጥሩ መነሻ ነው። ለሚያንኮራፋም፣ እግሩ ድርቅ ብሎ ለሚዘረጋበትም ይሆናል። እግር ድርቅ የሚለው በጀርባ ቀጥ ብለው ሲተኙ ይብሳል፤ ዳሌና ጉልበት ታጠፍ ሲሉ ይለቃል። ግን በጎን መተኛትም ወግ አለው። ከላይ ወደ ታች ልሂድ፣ በሐሳባችሁ ተከተሉኝ።

የራስ ትራሱ በትከሻና በጆሮ መካከል ያለውን ክፍተት ይሙላ። ከዚያ አይብለጥ፣ አይነስም። አንገት ከአከርካሪ ጋር ቀጥ ይበል። የታችኛውን ትከሻ ወደ ፊት ሳብ አድርጉት፤ በላዩ ላይ ከተኛችሁበት ክንዱ ደንዝዞ ያድራል፣ ያ ደግሞ «አዲስ ምልክት መጣ» ብሎ ያስደነግጣል። ከደረታችሁ ፊት አንድ ትራስ እቀፉ፤ የላይኛው ክንድ ይረፍበት። በእግሮቻችሁ መካከል ትራስ አድርጉ። ሁሉም ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ ትራሱን ጉልበት ላይ ብቻ ያደርገውና እግሩ ከታች ይንጠለጠላል። ትራሱ ከጉልበት እስከ ቁርጭምጭሚት ይድረስ። የላይኛው እግር በሙሉ ርዝመቱ ካልተደገፈ ዳሌውን ይጎትተዋል፣ ጡንቻውም ሌሊቱን ሙሉ ሲታገል ያድራል። በመጨረሻ ከጀርባችሁ አንድ ትራስ ወሽቁና በትንሹ ወደ ኋላ ተደገፉበት። 30 ዲግሪ ያህል ማዘንበል ይበቃል። እንዲህ ስትሆኑ ክብደታችሁ በዳሌ አጥንት ጫፍ ላይ ሳይሆን በሥጋው ላይ ያርፋል።

የትኛው ጎን? አንዱ ጎናችሁ የደነዘዘ ከሆነ በእሱ ላይ ብዙ አትቆዩ። ሲጫነው አይነግራችሁም። ፊታችሁን እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር የነርቭ ሕመም ካለባችሁ ያን ጉንጭ ትራስ አታስነኩት። ምግብ ወደ ላይ እየመለሰ ቃር የሚያስቸግራችሁ ወደ ግራ ተኙ።

በጀርባ መተኛት የሚወድ አለ፤ አልከለክልም። ከጉልበት ስር ትራስ ማድረግ ወገብን ያሳርፋል። ግን ጉልበታችሁ በራሱ ጊዜ ወደ ላይ የሚታጠፍ ከሆነ ይህ ትራስ አስቸጋሪ ወዳጅ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ታጥፎ ያደረ ጡንቻ ቀስ በቀስ ያጥራል፤ ከወራት በኋላ መዘርጋት እምቢ ይላል። ትራሱን አሳንሱት፣ ወይም ከእንቅልፉ በከፊሉ ብቻ ተጠቀሙበት። ተረከዝንም አስቡ። ከባታችሁ ስር በርዝመቱ ስስ ትራስ ብታደርጉ ተረከዙ ፍራሽ ሳይነካ ይንሳፈፋል። ብርድ ልብሱ ደግሞ ከአልጋው ግርጌ ተወጥሮ አይወሸቅ። ተወጥሮ ሲታጠፍ ጣቶችን ወደ ታች ይጫናል፤ እግሩን ቀና ማድረግ የሚያቅተው ሰው ቁርጭምጭሚቱ በዚያው አቅጣጫ እየደረቀ ይሄዳል። ላላ አድርጉት።

አንገታችሁን ወደ ፊት ስታጎነብሱ ከጀርባችሁ እስከ እግራችሁ የሚወርድ ንዝረት የሚሰማችሁ አላችሁ አይደል? እ.ኤ.አ. በ1924 በሰፊው ባስተዋወቀው ፈረንሳዊ ሐኪም ስም የሌርሚት ምልክት ይባላል። በሁለት ወፍራም ትራስ ላይ በጀርባ የምትተኙ ከሆነ ሌሊቱን ሙሉ አንገታችሁ ጎንብሷል ማለት ነው። አንዱን ትራስ አንሱ። ለመዋጥ ችግር ወይም ለቃር ከፍ ማለት ካስፈለጋችሁ ራስን ብቻ ሳይሆን ከወገብ በላይ ያለውን በሙሉ ከፍ አድርጉ። ያም ቢሆን በጣም አታቅኑት፤ ሰውነት ወደ ታች እየተንሸራተተ የመቀመጫን ቆዳ ይፍቃል።

በሆድ መተኛትን ለሌሊት አልመርጠውም፤ አንገትን ለሰዓታት ያጣምማል። ለቀን ግን ጎበዝ ነው። ተቀምጦ የሚውል ሰው የዳሌው የፊት ጡንቻ እያጠረ ይሄዳል። ትንፋሽ ካልከበዳችሁ ነቅታችሁ ሳለ ለ15 ወይም 20 ደቂቃ በሆዳችሁ ተዘርግታችሁ ሬዲዮ ስሙ። እኔ የማውቀው ርካሹ ስፖርት ይህ ነው።

በራሱ መገላበጥ ለማይችል ሰው ጉዳዩ ከምቾት ያልፋል፤ የአልጋ ቁስል ይመጣል። የተለመደው በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ ነው፤ እንደ ፍራሹና እንደ ቆዳው ሁኔታ ሊራዘም ይችላል። የሚወስነው ቆዳው ነው። ጠዋት ጠዋት ጅራት አጥንቱን፣ ዳሌውን፣ ተረከዙን እዩ። ስትጫኑት ቀለሙ የማይለወጥ መቅላት መጥፎ ምልክት ነው። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ መቅላቱ ስለማይታይ በእጃችሁ ዳስሱ። ከአካባቢው የሞቀ፣ የጠጠረ፣ ወይም የጠቆረ ቦታ ካለ በዚያ ጎን አይተኛ። አስታማሚዎች፣ እናንተም ሰው ናችሁ። በየሁለት ሰዓቱ እየተነሱ ለወራት መዝለቅ አይቻልም። ተራ ግቡ፤ ግፊት የሚቀንስ ፍራሽም ጠይቁ።

በከፊል ለሚንቀሳቀሱት ደግሞ መገላበጥ ጥበብ አለው። ወደ ቀኝ ልትዞሩ ነው እንበል። መጀመሪያ ዳሌያችሁን ወደ ግራ ሸርተት አድርጉ፤ ያለዚያ ስትዞሩ አልጋው ጠርዝ ላይ ትደርሳላችሁ። ግራ ጉልበታችሁን አጥፋችሁ እግሩን ፍራሹ ላይ ትከሉ። እግሩ እምቢ ካለ በእጃችሁ ወይም በመቀነት ሳቡት። ራሳችሁን ወደ ቀኝ አዙሩ፣ ዓይናችሁም ይከተል። ግራ ክንዳችሁን ተሻግራችሁ ዘርጉ፤ ጉልበቱ ይውደቅ። ገላ ከክብደቱ ጋር ራሱ ይከተላል። ትንፋሽ አትያዙ፣ አትወራጩ። ከወገብ እስከ ጭን ባለው ቦታ ብቻ ሳቲን ጨርቅ ማንጠፍ ይረዳል። እግር የሚተክሉበት ቦታ ግን ጥጥ ይሁን። አንሶላውም ፒጃማውም ሳቲን ከሆነ ከአልጋ መውረጃው ይፈጥናል!

ለሽንት ስትነሱም አትቸኩሉ። በጎን ዙሩ፣ እግራችሁን ከአልጋው አውርዱ፣ በክርናችሁ ግፉና ተቀመጡ። ለአንድ ደቂቃ ያህል እዚያው ቆዩ። በተለይ ቲዛኒዲን የደም ግፊት ስለሚያወርድ ድንገት መቆም ይጥላል። መንገዱ ላይ ደብዛዛ መብራት ይኑር፤ ምንጣፍና ገመድ ይነሳ። ከአልጋ አጠገብ የሽንት ዕቃ ማስቀመጥ የሚያሳፍራችሁ ካላችሁ፣ የዳሌ ስብራት የባሰ ነው ብዬ ልለፍ።

ነቅታችሁ ዓይናችሁ ፈጦ ከቀረስ? በየትኛውም የእንቅልፍ ምክር ላይ «20 ደቂቃ ያህል ካልተኛህ ተነስተህ ሌላ ክፍል ሂድ» ይላል። ምክሩ የተወሰደው ለእንቅልፍ ማጣት ከሚሰጠው የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና ነው። ሕክምናው ጥሩ ነው። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2016 ከክኒን በፊት እሱ ይቅደም ብሏል። ግን ምክሩን የጻፈው ሰው ሌሊት መነሳት ምን ማለት እንደሆነ ከእናንተ አልሰማም። እግሩ ለማይታዘዝ ሰው በጨለማ ተነስ ማለት ውደቅ ማለት ነው። እናንተ እዚያው አልጋ ላይ ትራስ ተደግፋችሁ ቀና በሉ፣ ደብዛዛ መብራት አብሩ፣ ቀላል ነገር አንብቡ ወይም አድምጡ። እንቅልፍ ሲጫጫናችሁ መልሳችሁ ጋደም። በዚሁ ሕክምና ውስጥ አልጋ ላይ የሚቆዩበትን ሰዓት የማሳጠር ክፍል አለ፤ ድካምና መውደቅ ላለበት ሰው ያለ ባለሙያ ክትትል አይሞከርም። የቀን እንቅልፍ ካስፈለጋችሁ ከግማሽ ሰዓት አይብለጥ፤ ከቀኑ 9 ሰዓት በፊትም ይለቅ።

ቅድም በእረፍት ሰዓት አንዲት እህት «በጎን መተኛት አንጎልን ያጥባል፣ ኤምኤስን ይከላከላል ይባላል፣ እውነት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ነገሩ ወዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ አንድ ጥናት ከአንጎል ቆሻሻ የሚያስወግደው የፈሳሽ ዝውውር በጎን ሲተኙ የተሻለ መሆኑን አሳይቷል። ግን የተጠኑት በማደንዘዣ የተኙ አይጦች ናቸው። ከዚያ ተነስቶ ኤምኤስን ይከላከላል ማለት ትልቅ ዝላይ ነው። በጎን ተኙ፤ ግን ለእግራችሁና ለትንፋሻችሁ ብላችሁ ተኙ።

ሌላው ጥያቄ የፍራሽ ነው፤ ሁልጊዜ ይጠየቃል። «ለኤምኤስ» ተብሎ በውድ የሚሸጥ ፍራሽ አትግዙ። በጣም የሚሰጥም ፍራሽ ያቅፋችኋል፣ ግን መገላበጥ ይከለክላችኋል። በጣም የደረቀው ዳሌና ትከሻን ይጫናል። ስትመርጡ ተኝታችሁ ብቻ አትነሱ፤ በላዩ ላይ ከጎን ወደ ጎን ዙሩ። ከዚያ ጠርዙ ላይ ተቀመጡ። እግራችሁ መሬት ሙሉ በሙሉ ይነካል? ጉልበታችሁ ወደ 90 ዲግሪ ታጥፏል? ጠርዙ ስትቀመጡበት ሳይሰምጥ ይይዛችኋል? ሦስቱም አዎ ከሆነ ይበቃል። በአየር የሚሞላውና ግፊቱን የሚያቀያይረው ፍራሽ ቆዳው ለተጎዳ ሰው ጥሩ ነው። በራሱ መዞር የሚችለውን ሰው ግን ያስቸግረዋል፤ ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ለጥቂት ሌሊት ተውሳችሁ ሞክሩት።